ከተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች አንዱን መምረጥ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዙ

ለመጀመሪያ ጊዜ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመግዛት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው መጀመሪያ ላይ አይደለም። ከአቅሙ በላይ የሆኑትን፣ ለከባድ ጭነት የተሠሩትንና ለተራራ መንገድ የታሰቡትን በአንድ ቀን ውስጥ ለይቶ ማስቀረት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ሞዴሎች ሲቀሩና እነዚህም በመልክ፣ በዋጋና በሞተር ጉልበት እጅግ ሲቀራረቡ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው በመግለጫው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር መከተል ነው። እኔም የመጀመሪያዬን የገዛሁት እንዲሁ ነበር፤ ከሁለቱ የሞተሩ ዋት ከፍ ያለውን መረጥኩ፤ ከታች «ክብደት 27 ኪሎ ግራም» የሚለውን መስመር ግን አንብቤ አለፍኩት። የምኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ባትሪውም ከብስክሌቱ የማይነቀል በመሆኑ ቻርጅ ለማድረግ ማታ ማታ ሙሉውን ብስክሌት ተሸክሜ ደረጃ መውጣት ግድ ሆነብኝ። የሞተሩ ተጨማሪ ጉልበት ምናልባት በሳምንት አንዴ ያስፈልገኝ ነበር፤ ደረጃው ግን በየቀኑ ነበረ።

ስለዚህ መግለጫዎቹን ለጊዜው ዘግተው የራስዎን መንገድ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ደርሶ መልሱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ በመካከሉ ያለው ከባዱ ዳገት የቱ እንደሆነና ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ብስክሌቱ የት እንደሚያድርና የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ከዚያ ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ምን ዕቃ ወይም ማንን እንደሚጭኑበት፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የሞዴሎቹን መግለጫዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የሆነውን ሁሉ ይሰርዙ። የሚተርፈው ከአምስት ወይም ከስድስት መስመር አይበልጥም። እያንዳንዱን ልዩነት በወረቀቱ ላይ ካለው መንገድዎ ጋር ሲያገናኙት አብዛኛው ለእርስዎ ምንም ለውጥ የማያመጣ ሆኖ ያገኙታል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ግን ምርጫውን ይወስናሉ።

የባትሪው ትክክለኛ መጠን

ባትሪን በቮልቱ ብቻ ወይም በአምፔር ሰዓቱ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። አንዱ ሞዴል «48 ቮልት፣ 10.4 አምፔር ሰዓት»፣ ሌላው «36 ቮልት፣ 14 አምፔር ሰዓት» ይላል እንበል። ለጀማሪ ገዢ የመጀመሪያው በቮልቱ፣ ሁለተኛው በአምፔር ሰዓቱ የበለጠ ይመስለዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ሲያባዟቸው ግን የመጀመሪያው 499 ዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው 504 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ማለትም የያዙት ኃይል እኩል ነው። ብስክሌቱ ምን ያህል እንደሚያስኬድዎ የሚነግረው ይህ የብዜት ውጤት ስለሆነ በመግለጫው ላይ ባይጻፍ እንኳ ራስዎ ያስሉት።

«እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይጓዛል» የሚለውን አባባል በዚሁ ሒሳብ መመርመር ይቻላል። 500 ዋት ሰዓት ባትሪ 100 ኪሎ ሜትር እንዲያስኬድ ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ዋት ሰዓት ብቻ መውሰድ አለበት፤ ይህም የሚሆነው ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በዝቅተኛው የድጋፍ ደረጃ (ሞተሩ እግርን በትንሹ በሚያግዝበት)፣ አብዛኛውን ሥራ የነጂው እግር ሲሠራ ነው። በመካከለኛ ድጋፍ የሚነዳ ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት ሰዓት ቢያስብ ከእውነታው ብዙም አይርቅም፤ በከፍተኛ ድጋፍ ወይም ፔዳል ሳይመታ በእጅ ማዘዣው ብቻ የሚሄድ ደግሞ 20 እና ከዚያ በላይ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ያው 500 ዋት ሰዓት ለአንዱ 50፣ ለሌላው 25 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱ አምራቾች የተለያየ ርቀት የጻፉት ባትሪዎቹ ስለተለያዩ ሳይሆን የለኩበት ሁኔታ ስለተለያየ ሊሆን ይችላል፤ የዋት ሰዓቱ መጠን እኩል ከሆነና ብስክሌቶቹም በክብደትና በጎማ ስፋት ከተቀራረቡ የርቀቱን ልዩነት ከወረቀትዎ ላይ ይሰርዙት።

ባትሪ ደግሞ ያረጃል። ሊቲየም ባትሪ በጥቂት ዓመታት አገልግሎት ውስጥ የመያዝ አቅሙን ቀስ በቀስ ስለሚያጣ፣ በብርድ ጊዜም የሚሰጠው ኃይል ስለሚቀንስ ምርጫው በአዲሱ ባትሪ አቅም ላይ መመሥረት የለበትም። ደርሶ መልሱ 24 ኪሎ ሜትር ለሆነ ሰው በ15 ዋት ሰዓት ሒሳብ 360 ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ባትሪው ወደ ሦስት አራተኛ አቅሙ ቢወርድም ይህንኑ እንዲያደርስ ከፈለገ ሲገዛው 480 አካባቢ መሆን አለበት። በዚህ መንገድ ላይ 500 ዋት ሰዓት በቂ ነው፤ 700 ያለውን መግዛት በየቀኑ የማይጠቀሙበትን ክብደት ይዞ መዞር ነው። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር የሆነበት ሰው ግን ተቃራኒውን ቢያስብ ይሻለዋል።

የቮልት ልዩነቱ ራሱ ትርጉም የሚኖረው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የሞተሩ ጉልበት ሲሆን ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሁለተኛው ቻርጀሩ ነው፤ በ2 አምፔር ቻርጀር 14 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ሰባት ሰዓት ያህል ሲወስድ 10.4 ያለው ከአምስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ሌሊቱን ሙሉ ለሚሰካ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ባለ 36 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 42 ቮልት፣ ባለ 48 ቮልቱ 54.6 ቮልት ስለሚደርስ ግን የአንዱን ቻርጀር ለሌላው መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ ይሆናል ማለት አይደለም።

ዋት፣ ጉልበትና ዳገት

በሞተር ላይ የሚጻፈው ዋት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሞተሩ ሳይግል ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ነው፤ ሌላው ለአጭር ጊዜ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። አንዱ ሻጭ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ስለሚጽፍ «250 ዋት» እና «500 ዋት» የተባሉ ሁለት ብስክሌቶች በተግባር አንድ ዓይነት ሞተር ሊኖራቸው ይችላል። ይህን የሚለዩበት ቀላል መንገድ የመቆጣጠሪያውን፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነውን ክፍል፣ አምፔር መጠየቅ ነው፤ 36 ቮልት ባትሪ ያለው ብስክሌት መቆጣጠሪያው እስከ 15 አምፔር የሚያሳልፍ ከሆነ ከባትሪው የሚወጣው እስከ 540 ዋት ነው፤ ሞተሩ ላይ 250 ተብሎ ቢጻፍም። በተመሳሳይ አምፔር ከፍ ያለ ቮልት ያለው የበለጠ ኃይል ያሳልፋል፤ የ48 ቮልቱ ጥቅምም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ምን ያህል ያስፈልጋል? ነጂው፣ ብስክሌቱና ዕቃው ተደምረው 110 ኪሎ ግራም ቢሆኑና በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢወጡ፣ ለመውጣቱ ብቻ ወደ 240 ዋት ያስፈልጋል። ልማድ የሌለው ጤናማ ሰው ከዚህ ውስጥ 75 ወይም 100 ዋቱን በእግሩ ሊያዋጣ ስለሚችል የቀረውን መጠነኛ ሞተር ይሸፍነዋል። ዳገቱ በእጥፍ ሲቆም ግን የሚፈለገው ኃይልም በዚያው ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የመንገድዎ ከባዱ ዳገት ረጋ ያለ ከሆነ በሁለቱ ሞዴሎች መካከል ያለው የዋት ልዩነት ብዙ አያሳስብም፤ ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ከዋቱ ይልቅ የሞተሩን የመጠምዘዝ ጉልበት፣ ማለትም በኒውተን ሜትር የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ። ጎማ ውስጥ የሚቀመጡ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ሲሰጡ በፔዳሉ መሃል የሚቀመጡት ከ50 እስከ 85 ይደርሳሉ።

እነዚህ ሁለት አቀማመጦች ተመሳሳይ በሚመስሉ ብስክሌቶች መካከል ያሉ ትልቁ ልዩነት ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። በፔዳሉ መሃል ያለው ሞተር ኃይሉን የሚያስተላልፈው በሰንሰለቱና በማርሾቹ በኩል ነው፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ነጂው ማርሽ ሲቀንስ ሞተሩም ይቀልለዋል፤ በዝግታ እየወጡም በሚመቸው ፍጥነት ይሽከረከራል። የኋላ ጎማ ውስጥ ያለው ግን ከጎማው ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ብስክሌቱ በዳገት ሲንፏቀቅ እሱም አብሮ ይንፏቀቃል፤ በዚያን ጊዜ ከሚወስደው ኃይል ትልቁ ክፍል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በሌላ በኩል የጎማው ሞተር ሰንሰለቱን አያስጨንቅም፤ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ሰንሰለቱ ቢበጠስ እንኳ የእጅ ማዘዣ ካለው ቤት ያደርሳል። የመሃሉ ሞተር ሰንሰለትና ጥርሶችን ቶሎ ይበላል፤ ማርሽ ሲቀይሩም የእግርዎን ጫና ማቅለል ይጠይቃል።

ስለ ጎማው ሞተር ገዢዎች የሚዘነጉት ነገር ጎማ የተነፈሰ ቀን የሚሆነውን ነው። ተራ ብስክሌት ላይ የኋላውን ጎማ ማውለቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን በመጀመሪያ ከሞተሩ የሚወጣውን የገመድ መጋጠሚያ መፈለግና ማላቀቅ፣ ገመዱን ከፍሬሙ ጋር ያሰሩትን ማሰሪያዎች መቁረጥ፣ ከዚያም ሁለቱን ትልልቅ ዳዶዎች መፍታት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ 18 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈልጋሉ። በዳዶዎቹ ሥር ያሉት ጥርስ ያላቸው ቀለበቶች የሞተሩ ዘንግ በቦታው ላይ እንዳይሽከረከር የሚይዙ ናቸው፤ ሲመለሱ ተገልብጠው ከገቡ ወይም ዳዶው ከላላ ዘንጉ ዞሮ ገመዱን ሊበጥሰው ይችላል። ይህ ሁሉ የሚማሩት ነገር ነው፤ በዝናብ መንገድ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከር ግን አይደለም። ከሁለቱ ሞዴሎች አንዱ ወፍራምና እሾህ የሚቋቋም ጎማ ካለው፣ ወይም የሞተሩ ገመድ መጋጠሚያ በቀላሉ እጅ የሚገባበት ቦታ ላይ ከተቀመጠ፣ ይህ በመግለጫ የማይገኝ ብልጫው ነው።

ሞተሩ መቼ እንደሚነሣ

ፔዳል ሲመቱ ሞተሩ የሚነሣው በሴንሰር ነው፤ ሴንሰሮቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፔዳሉ መዞር አለመዞሩን ብቻ ያያል፤ እግርዎ ቢገፋም ባይገፋም ከዞረ ሞተሩ የተመደበለትን ኃይል ይሰጣል። ሁለተኛው የእግርዎን ግፊት ይለካል፤ በጠነከሩ መጠን ሞተሩም ይጠነክራል። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ጉልበቱ ወይም መገጣጠሚያው ለሚያመው ሰውም ይመቻል። ነገር ግን ከቆመበት ሲነሣ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣና ከዚያ በድንገት ይገፋል፤ መቆም ሲፈልጉም ለቅጽበት ቀጥሎ ሊገፋ ይችላል። በተጨናነቀ መንገድና ጠባብ መታጠፊያ ላይ ይህ ያስቸግራል። እኔ ሁለት እኩል የሚባሉ ሞዴሎች ቢቀርቡልኝና አንዱ ብቻ ግፊት የሚለካ ሴንሰር ቢኖረው፣ ሌላው ትንሽ ትልቅ ባትሪ ቢኖረው እንኳ ግፊት የሚለካውን እወስዳለሁ። ይህ የግሌ ፍርድ ነው፤ በሙከራ ጉዞ ላይ የራስዎን ይስጡ።

ከዚሁ ጋር የሚኖሩበትን አካባቢ ሕግ ማየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጠረው የሞተሩ ቋሚ ኃይል ከ250 ዋት ያልበለጠና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ድጋፉን የሚያቋርጥ ነው፤ በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ያለው ባለ ሦስት መደብ አሠራር ደግሞ እንደ መደቡ ወደ 32 ወይም 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈቅዳል። በሌላ አገር ሕግ የተሠራ ሞዴል በእርስዎ አገር ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ሊያስጠይቅ ይችላል። ፍጥነት ደግሞ ባትሪ ይበላል፤ ከ25 ወደ 32 ሲጨምሩ አየሩን ለመስበር የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ያህል ይሆናል።

በፍጥነት የሚታዩ፣ ግን የማይታለፉ

የአንዱ ሞዴል ፍሬን በሽቦ የሚጎተት ዲስክ ከሆነና የሌላው በዘይት የሚሠራ ዲስክ ከሆነ፣ ቁልቁለት ላለበት መንገድ የዘይቱ ይመረጣል፤ ብስክሌቱ ከነጂው ጋር ከመቶ ኪሎ በላይ ስለሚሆን በሁለት ጣት የሚይዝ ፍሬን ቅንጦት አይደለም። የሽቦው ጥቅም በየትኛውም ሰፈር መካኒክ ሊስተካከል መቻሉ ነው። በሁለቱም ዓይነት የፍሬን ሸራው የተለመደ ቅርጽ ያለው መሆኑን ይጠይቁ።

«የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት» የሚለው መስመር ብስክሌቱን ራሱን ሊጨምር እንደሚችል ልብ ይበሉ። 120 ኪሎ ግራም ከተባለና ብስክሌቱ 27፣ ነጂው 85 ከሆነ ለዕቃ የሚተርፈው 8 ኪሎ ብቻ ነው። ልጅ ከኋላ ለመጫን ያሰበ ሰው ሁለቱን ሞዴሎች በዚህ ቁጥር ብቻ ሊለያቸው ይችላል። ፓራፋንጎ፣ መብራት፣ የኋላ ዕቃ መጫኛና ማቆሚያ አብረው መምጣት አለመምጣታቸውንም ያረጋግጡ፤ ርካሽ የመሰለው ሞዴል እነዚህ ሲገዙለት ብዙ ጊዜ ከሌላው ጋር ይስተካከላል። የማሳያው ስፋት፣ የስልክ መተግበሪያውና የቀለሙ ጉዳይ ግን ምርጫ ላይ ሊገባ አይገባም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ባትሪውን ከየት ያገኙታል?

ከሁሉም ጥያቄዎች እኔ ከፍተኛውን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ፍሬም፣ ጎማ፣ ሰንሰለትና ፍሬን በማንኛውም ጊዜ ሊተኩ ሲችሉ ባትሪው ግን የራሱ ሣጥን፣ የራሱ መቀመጫና የራሱ መሰኪያ ያለው በመሆኑ ያ ዓይነት ባትሪ ከገበያ ከጠፋ ብስክሌቱ ከባድ ተራ ብስክሌት ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ባትሪው፣ ሞተሩና መቆጣጠሪያው እርስ በርስ ካልተዋወቁ እንዳይሠሩ አድርገው ስለሚሠሯቸው ሌላ ባትሪ መግጠም አይቻልም። ስለዚህ ሻጩን «መለዋወጫ አለ?» ብለው አይጠይቁት፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ይልቁንም «የዚህን ሞዴል ባትሪ ብቻውን ዛሬ ብገዛ ዋጋው ስንት ነው፣ በስንት ቀንስ ይደርሰኛል?» ይበሉት። ዋጋና ቀን የሚነግርዎት ሻጭ መለዋወጫ አለው። ሁለቱን ሞዴሎች በዚህ ጥያቄ ብቻ የለየ ሰው ብዙ አልተሳሳተም።

ዋስትናውንም በቁጥር ሳይሆን በይዘቱ ያንብቡ። ባትሪው ለሁለት ዓመት ዋስትና አለው ሲባል አቅሙ ከምን ያህል በታች ሲወርድ ነው የሚቀየረው የሚለው ካልተጻፈ፣ ባትሪው ጨርሶ እስካልሞተ ድረስ ዋስትናው አይሠራም ማለት ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲበላሽ ተመርምሮ እዚያው ይጠገናል ወይስ ወደ ሩቅ ቦታ ይላካል የሚለውም መጠየቅ ያለበት ነው።

የእሳት አደጋ ጉዳይ ቀልድ አይደለም። በአግባቡ ያልተሠራ ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ላይ እያለ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ከጀመረም ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ በዚህ ሳቢያ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከመስከረም 2023 ጀምሮ፣ ዩኤል 2849 በተባለው የደኅንነት ደረጃ ያልተመሰከረላቸው የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች፣ ዩኤል 2271 በተባለው ያልተመሰከረላቸው ባትሪዎችም እንዳይሸጡ ከልክላለች። በአውሮፓ የብስክሌቱ ደረጃ ኢኤን 15194 ነው። ሻጩ «ተመስክሮለታል» ሲል የተመሰከረለት ምኑ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ዩኤል 2849 የሚመለከተው ሞተሩን፣ ባትሪውንና ቻርጀሩን አንድ ላይ ነው፤ የቻርጀሩ ብቻ ምስክር ወረቀት የሌላውን አይተካም። አንዱ ሞዴል ይህ ሲኖረው ሌላው ከሌለው፣ ሌሎቹን ልዩነቶች ማስላት አያስፈልግም።

የሙከራ ጉዞው

ሁለቱንም በአንድ ቀንና በተቻለ መጠን በአንድ መንገድ ላይ ይንዷቸው። ከመነሣትዎ በፊት ኮርቻውን ለቁመትዎ ያስተካክሉ፤ ያልተስተካከለ ኮርቻ ጥሩውን ብስክሌት መጥፎ ያስመስለዋል። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት መቶ ሜትር ይሂዱ፤ ባትሪ ያለቀ ቀን የሚጠብቅዎ ይህ ነው። ከዚያ ዳገት ላይ ቆመው እግርዎን መሬት ላይ አድርገው ይነሡ፤ ሞተሩ እስኪመጣ ብስክሌቱ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ወይም መጥቶ የሚያስደነግጥ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። ፍሬን ሲይዙ ሞተሩ ወዲያው መቋረጡን ይመልከቱ። በቁልቁለት በጥንቃቄ እየወረዱ መሪው መንቀጥቀጥ አለመንቀጥቀጡን ይሰማዎት። በመጨረሻም ወርደው ብስክሌቱን በሁለት እጅዎ እስከ አንድ ደረጃ ከፍታ ያንሡት፤ ባትሪውንም ሦስት ጊዜ ነቅለው ይመልሱት። መቆለፊያው የሚያስቸግር ከሆነ ሻጩ ፊት ሲሞክሩት የተቸገሩትን ያህል በየማታው ይቸገራሉ።

ከወሰኑ በኋላ በሚረከቡበት ዕለት የባትሪው ቁልፍ ሁለት መሆኑን አይተው በቁልፉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የፍሬሙን መለያ ቁጥር ፎቶ ያንሡ፤ ቁልፉ ቢጠፋ ሌላ የሚሠራበት፣ ብስክሌቱ ቢሰረቅም የእርስዎ መሆኑን የሚያስረዱበት ይኸው ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን ማስተካከያ በነፃ የሚያደርግ መሆኑንም በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፍሬን ሽቦዎች ይለጠጣሉ፣ በቸርኬው ላይ የተወጠሩት ሽቦዎችም ይላላሉ።